ሐኪሙ ወጥ ቤት ይግባ

ባለፉት ሁለት ዓመታት ሦስት ጊዜ «ታይፎይድ አለብህ» ተብያለሁ። ሁለቱን ጊዜ «ታይፈስም ጀማምሮሃል» የሚል ምርቃት ተጨምሮበታል። ሦስቱንም ጊዜ ደም ሰጠሁ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅሁ፣ ወረቀት ተቀበልኩ፣ ሲፕሮ ታዘዘልኝ፣ ከፍዬ ወጣሁ። ሦስቱንም ጊዜ አንዲት ጥያቄ አልተጠየቅሁም። «ምሳህን የት ነው የምትበላው?»

ይህን የምታነቡ ብዙዎቻችሁ ተመሳሳይ ታሪክ እንዳላችሁ እገምታለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት ክሊኒክ ገብቶ «ታይፎይድ» ሳይባል የወጣ ሰው ስንት ነው? መድኃኒቱን ውጠን እንድናለን ወይም የዳንን ይመስለናል። ከዚያ እዚያው ምግብ ቤት፣ እዚያው ወንበር ላይ እንመለሳለን። ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ እዚያው ክሊኒክ።

ይህን ነገር እንዳስብበት ያደረገኝ የአክስቴ ልጅ ነው። የሕክምና ተማሪ ነው፤ ትምህርቱን ሊጨርስ ጥቂት ቀርቶታል። ተማሪዎቹ «አታችመንት» የሚሉት የኅብረተሰብ ጤና የመስክ ልምምድ አላቸው። በዚህ ልምምድ እሱና ጓደኞቹ ለሁለት ሳምንት ሽሮ ሜዳ ውስጥ ከወረዳ የምግብ ጤና ተቆጣጣሪዎች ጋር ተመደቡ። መጀመሪያ ቀን ማታ ስልክ ደውሎ ምን እንዳለኝ አልረሳውም። «ይህን ሁሉ ዓመት የተማርኩት የሰው ሽንት ቤት ልቆጥር ነው እንዴ?» አለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ግን ድምፁ ተለወጠ። «አንድ ቀን ና፤ አብረኸን ዋል። አንተ የምትጽፍበት ነገር አለ» አለኝ። ሄድኩ። ተቆጣጣሪዎቹ ስማቸውንም ወረዳቸውንም እንዳልጠቅስ ነግረውኝ ፈቀዱልኝ። ቃሌን እጠብቃለሁ። የምጽፈው ስለ አንድ ወረዳ ወይም ስለ አንድ ኮሌጅ አይደለም፤ ሐኪሞቻችንን የት እንደምናስተምራቸው ነው።

*

ሽሮ ሜዳን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ሠርግ የደገሰ፣ ልጅ ያስመረቀ፣ ከውጭ አገር ዘመድ የመጣበት ሁሉ እንጦጦ ግርጌ ወዳለው ወደዚህ የሐበሻ ልብስ ገበያ ሳይወጣ አይቀርም። ብዙ ሰው የማያየው ከሱቆቹ ጀርባ ያለውን ነው። ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ከጠዋት እስከ ማታ ጉድጓዳቸው ውስጥ ተቀምጠው የሚሸምኑባቸው ግቢዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ይበላሉ። በዱቤ የሚያበሉ ሽሮ ቤቶች፣ ፓስቲና ሳምቡሳ የሚጠብሱ እናቶች፣ ጠላ ቤቶች፣ ወደ ዋናው መንገድ ደግሞ ባለ መስታወት ካፌዎች ሞልተዋል።

የዕለቱ ቡድን አራት ሰው ነበር። በሥራው ላይ ብዙ ዓመት የቆየች የአካባቢ ጤና ባለሙያ፣ አንድ ወጣት ባልደረባዋ፣ የአክስቴ ልጅና አንዲት የክፍሉ ተማሪ። እኔ አምስተኛ ሆኜ ተከተልኩ። መኪና የለም። ዳገቱን በእግር ነው።

መጀመሪያ የገባነው ከሸማኔዎቹ ግቢ አጠገብ ካለች ሽሮ ቤት ነው። ባለቤቷ ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው እናት ናቸው። አራት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ክፍል፣ ጥግ ላይ ምድጃ። እንጀራው መሶብ ውስጥ ተከድኗል፤ ወለሉ ተጠርጓል። ተቆጣጣሪዋ ቅጹን አውጥታ ጠየቀች።

«እማማ፣ የጤና ምርመራ ካርድዎ ጊዜው አልፏል እኮ።»

«አውቃለሁ ልጄ። ሄጄ ቀኑን ሙሉ ተሰልፌ ተመለስኩ። ስሄድ ማን ይሠራልኛል?»

«እጅ መታጠቢያውስ?»

እማማ ወደ በርሜሉ አሳዩ። ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሲመጣ በርሜሉንና ጀሪካኖቹን ይሞላሉ፤ ከበርሜሉ በጆግ እየተቀዳ ይታጠባል። ችግሩ ጆጉ ነው። በልተው የወጡ፣ ከሽንት ቤት የተመለሱ፣ ሥጋ የነኩ እጆች ሁሉ ያንኑ የጆግ እጀታ ይይዛሉ። ጆጉ ደግሞ ተመልሶ በርሜሉ ውስጥ ይነከራል። የአክስቴ ልጅ ስለ ሳልሞኔላ ታይፊ የሴል ግድግዳ ሊያስተምራችሁ ይችላል። ባክቴሪያው ከሰው ወደ ሰው የሚሻገርበትን ድልድይ ግን በዓይኑ ሲያይ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። ድልድዩ ሰማያዊ የፕላስቲክ ጆግ ነው።

ተቆጣጣሪዋ አላሸገችም፤ አልጮኸችም። «እማማ፣ አንድ ባልዲ ላይ ከታች ቧንቧ ያስገጥሙ። ማንም እጁን እንዳይነክር። ከጎኑ ሳሙና ይኑር። ካርዱን ደግሞ ማክሰኞ ይምጡ፤ እኔ አለሁ፣ እንዳይጉላሉ አደርጋለሁ» አለቻቸው። የተመለስንበትን ቀን መዝግባ ወጣን።

*

ቀጥሎ የገባነው ዋናው መንገድ ላይ ወዳለ ካፌ ነው። ከፊት ለፊቱ ሴራሚክ፣ መብራት፣ የሚያብለጨልጭ ማሽን። አስተናጋጆቹ አንድ ዓይነት ሸሚዝ ለብሰዋል። እውነቱን ልናገር፤ ከሁለቱ የቱ ጋ ትበላለህ ብባል ሳላስብ እዚህ እል ነበር።

ወጥ ቤቱ ግን የቁም ሣጥን ያህል ነው። የሠራተኞች ሽንት ቤት በር የሚከፈተው ወደ ወጥ ቤቱ ነው። አንድ መክተፊያ አለ፤ ጥሬ ሥጋም ሰላጣም እሱ ላይ ነው የሚከተፈው። ማቀዝቀዣው ውስጥ ከላይ ጥሬ ሥጋ በፌስታል ተንጠልጥሏል፤ ከታች ክዳን የሌለው የአቮካዶ ጭማቂ ተቀምጧል። የአክስቴ ልጅ ዝም ብሎ ቆሞ አየሁት። በኋላ ስጠይቀው «ባለፈው ሐሙስ እዚህ ነው ምሳ የበላሁት» አለኝ።

ባለቤቱ መጣ። መጀመሪያ «ቡና ጠጡ እስኪ» አለ። እምቢ ሲሉት ስልኩን አወጣና የማን እንደሆነ ያልነገረንን ሰው «እዚህ ሰዎች መጥተዋል» እያለ ወጣ። ተቆጣጣሪዋ ምንም እንዳልሰማች ቅጹን ሞላች፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠች፣ የጊዜ ገደብ ጻፈች፣ አስፈረመች። ከወጣን በኋላ ለምን እንዳላሸገችው ጠየቅኋት። «ላሽገው እችላለሁ። ነገ ማን እንዳስከፈተው ሳልሰማ ተከፍቶ አገኘዋለሁ። በወረቀት ከሄድኩ ግን ሁለተኛውን ሳልፍ ሦስተኛው ላይ ማንም አያስከፍተውም» አለችኝ።

ይህን ስትናገር ሁለቱ ተማሪዎች ማስታወሻ ይዙ ነበር። የትኛውም የሕክምና መጽሐፍ ላይ ያልተጻፈ ትምህርት ነው። ፊት ለፊቱ ያማረ ሁሉ ንጹሕ አይደለም፤ ድሃ ሁሉ ቆሻሻ አይደለም፤ ጤና ደግሞ ከሥልጣንና ከገንዘብ ጋር በየወጥ ቤቱ ይታገላል።

*

ሦስተኛው ቦታ አንድ ሱቅ ነው። ወጣቱ ተቆጣጣሪ ከኪሱ ትንሽ ጠርሙስ አወጣ። በየፌስታሉ ተቋጥሮ ከሚሸጠው ምልክት የሌለው ጨው ቆንጥሮ ጠብታ ጣለበት። አዮዲን ያለው ጨው ወደ ወይን ጠጅ ይለወጣል። ይሄኛው ነጭ እንደሆነ ቀረ። ሌላ ቋጠሮ ሞከረ፤ አሁንም ነጭ።

ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል። አዮዲን ሲጎድል እንቅርት ይመጣል፤ ነፍሰ ጡር ላይ ሲጎድል ደግሞ የሚወለደው ልጅ የአእምሮ እድገት ይጎዳል። የአክስቴ ልጅ በዝምታ ጨዉን ሲያይ ቆይቶ እንዲህ አለ። «ቀዶ ሕክምና ክፍል እያለሁ አንዲት እናት እንቅርት ሲወጣላቸው ሦስት ሰዓት ሙሉ መሳቢያውን ይዤ ቆሜ ነበር። ዶክተሩ እያንዳንዱን ነርቭ ስም ጠራልኝ። ስለ ጨው ግን አንድም ቃል አልተነጋገርንም።»

ዶክተሩን ለመውቀስ አይደለም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ነፍስ በእጁ ይዞ የቆመ ሰው ነው። ሆኖም አንድ የሕክምና ተማሪ የበሽታውን ጫፍ ለሦስት ሰዓት አይቶ፣ መነሻውን ለአንዲት ደቂቃ ሳያይ ሊመረቅ ይችላል። አባቶች «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። እኛ ሐኪሞቻችንን ከግንዱ ጀምረን ወደ ቅጠሉ ነው የምናስተምራቸው።

*

በዓይን የሚታየው ይሄ ነው። የማይታይም አለ።

በ1996 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት ከአዲስ አበባ 60 የሽሮና 60 የተፈጨ በርበሬ ናሙና መርምሮ ነበር። ከሽሮው በ5ቱ፣ ከበርበሬው በ8ቱ ውስጥ አፍላቶክሲን ተገኘ። አፍላቶክሲን በእርጥበት ከተከማቸ እህል ላይ የሚበቅል ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው። ጉበትን ይጎዳል፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የጉበት ካንሰር ያስከትላል፤ ሄፓታይተስ ቢ ካለ ደግሞ አደጋው ይበረታል። መቀቀል አያጠፋውም። በ2015 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የወተት ጥናት ደግሞ የባሰ ነበር። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች የአውሮፓ ኅብረትን መመዘኛ ያሟሉት 9 ብቻ ነበሩ። ምንጩ በዋናነት ላሞቹ የሚበሉት የኑግ ፋጉሎ ነው። ያን ሰሞን ወተት መጠጣት ያቆምን ብዙዎች ነን፤ ከወራት በኋላ ረሳነው። ፋጉሎው ግን አልረሳንም።

ይህን ምርምር ማድረግ የሚችሉ ላቦራቶሪዎችና ባለሙያዎች አገሪቱ አሏት። ሩቅ አይደሉም። ሕዝቡ «ፓስተር» እያለ የሚጠራው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያለው እዚያው ጉለሌ ነው። ተቆጣጣሪዋ ግን በርበሬውን የምታውቀው በዓይኗና በአፍንጫዋ ነው። እንጀራ ውስጥ ሰጋቱራና ጄሶ፣ ቅቤ ውስጥ ሙዝ ተገኘ ሲባል በዜና ሰምተን ተደናግጠናል፤ ቀልድም ሠርተንበታል። ዜናው አንድ ሳምንት ይቆያል። አንድ ሐኪም ግን ይህ ሁሉ ወደ ሆድ፣ ወደ ጉበትና ወደ ኩላሊት የሚገባበትን መንገድ አንድ ጊዜ በዓይኑ ካየ፣ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

*

ወደ ታይፎይዱ ልመለስ።

በአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ታይፎይድ የሚመስል ትኩሳት የነበራቸው 270 ታካሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። በዊዳል ምርመራ፣ ማለትም እኔና እናንተ ግማሽ ሰዓት በምንጠብቅበት ምርመራ፣ 88ቱ «አለባችሁ» ተባሉ። ከደማቸው ባክቴሪያውን አሳድጎ ማየት የተቻለው ግን በ11ዱ ብቻ ነው። የደም ካልቸርም የሚያመልጠው አለ፤ ስለዚህ ቁጥሩ ትክክለኛው 11 ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን በ88ና በ11 መካከል ያለው ገደል ብዙ ይናገራል። ብዙዎቻችን ያልነበረብንን በሽታ በማይገባን መድኃኒት እያከምን፣ ባክቴሪያዎቹን መድኃኒት እያስለመድን ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ብክለቱ እውነት ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ካፍቴሪያ በሚሠሩ 172 ምግብ አዘጋጆችና አቅራቢዎች ላይ የታተመ ጥናት፣ በ78ቱ ሰገራ ውስጥ የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስያን አግኝቷል። ጤነኛ የሚመስሉ ሰዎች ናቸው። የሕክምና ተማሪዎችም ካፍቴሪያ እንደሚበሉ አስቡት።

ሁለቱን አንድ ላይ ስናያቸው ምን ይላሉ? ክሊኒኩ በሽታውን በትክክል አያውቀውም፤ ወጥ ቤቱ በሽታውን ያመርታል፤ በመካከላቸው የሚመላለሰው በሽተኛው ብቻ ነው። ታይፎይድና ታይፈስ በየሳምንቱ ለበላይ ሪፖርት ከሚደረጉ በሽታዎች መካከል ናቸው። ቁጥሩ ከጤና ጣቢያ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያ ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ጎን ግን አይሄድም። ከአንድ ሰፈር አሥር ሰው በአንድ ሳምንት ቢታመም፣ በሁለተኛው መንገድ ላይ ያለችው ተቆጣጣሪ ላትሰማ ትችላለች። «እኛ የምንሰማው ሰው ሲሞት ወይም ሬዲዮ ሲያወራ ነው» ብላኛለች።

*

ከመቶ ዓመት በፊት የሆነ አንድ ታሪክ ላስታውሳችሁ። በ1906 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ አጠገብ ኦይስተር ቤይ በሚባል የሀብታሞች መዝናኛ ሰፈር፣ አንድ ቤት ውስጥ ከነበሩ 11 ሰዎች 6ቱ ታይፎይድ ያዛቸው። እነዚያ ሀብታሞች ሐኪም አጥተው አልነበረም። ምክንያቱን ያገኘው ግን ሐኪም አልነበረም፤ ጆርጅ ሶፐር የሚባል የንጽሕና መሐንዲስ ነበር። ውኃውንና ወተቱን መረመረ። ከዚያ «ማን ነበር የሚያበስለው?» ብሎ ጠየቀ። ወጥ ቤቷ ሜሪ ማለን ትባላለች፤ በፊት በሠራችባቸው ቤቶችም በሽታው ተከትሏት ኖሯል። እሷ ራሷ አልታመመችም።

በ1907 በግድ ከሰው ለይተው አስቀመጧት። በ1910 ዳግመኛ ምግብ ላትሠራ ቃል አስገብተው ለቀቋት። ሌላ ሥራ ግን የወጥ ቤትነትን ያህል አይከፍልም ነበር። በ1915 ስሟን ቀይራ ሆስፒታል ውስጥ ስታበስል ተገኘች፤ 25 ሰው ታሟል። እስክትሞት ድረስ፣ እስከ 1938፣ ተለይታ ኖረች።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። አንደኛ፣ አልጋው አጠገብ ቆሞ መልሱ አይገኝም፤ ወጥ ቤት መግባት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ድሃዋን ወጥ ቤት እንጀራዋን ነጥቀህ ሌላ መተዳደሪያ ካልሰጠሃት፣ በሌላ በር ትመለሳለች። የሽሮ ሜዳዋ ተቆጣጣሪ ይህን ያለ መጽሐፍ ታውቀዋለች። ለዚያ ነው «አሽጌያለሁ» ከማለት ይልቅ «ቧንቧ ያስገጥሙ» ያለችው።

*

የምለው ነገር አዲስ አይደለም። የረሳነው ነው።

በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ቀድሞ ደምቢያ ላይ ሺዎችን የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ትዝታው ትኩስ ነበር። ኮሌጁ ያሰለጠነው ሦስት ዓይነት ባለሙያ ነው። ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን። ሦስቱ አብረው ይማሩ፣ አብረው መስክ ይወጡ ነበር። ጤና መኮንኑ በሽተኛውን ሲያክም፣ ሳኒታሪያኑ የውኃ ጉድጓዱንና ሥጋ ቤቱን ያይ ነበር፤ ማታ ደግሞ ተገናኝተው ይነጋገራሉ። ጅማም በ1983 እ.ኤ.አ. የጤና ሳይንስ ተቋም ስትከፍት ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መሠረቷ አደረገች። የሕክምና፣ የነርስ፣ የላቦራቶሪና የአካባቢ ጤና ተማሪዎች በአንድ ቡድን ወደ ቀበሌና ጤና ጣቢያ ይወጣሉ። «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለው መፈክር በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የተጻፈው በዚህ መንፈስ ነው። መፈክሩ ግድግዳው ላይ ቀረ፤ ሐኪሙ ወደ ውስጥ ገባ።

ዛሬም ልምምዱ በወረቀት አለ። የአክስቴ ልጅ እንደነገረኝ ግን፣ ከጓደኞቹ የተወሰኑት በመጀመሪያው ቀን ፊርማ አስፈርመው ለቀጣዩ ፈተና ሊያጠኑ ጠፉ። ማንም አልጠየቃቸውም። ሪፖርታቸውን ካለፈው ዓመት ተማሪዎች ገልብጠው አስገቡ። ማርኩ ትንሽ ነው፤ ፈታኙ ወጥ ቤቱን አላየም፤ ተቆጣጣሪዎቹም ማርክ አይሰጡም። ልምምድ ሳይሆን ሥነ ሥርዓት ሆኗል።

የሚነሳውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «አገሪቱ ሐኪም አጥሯታል፤ ያለውን ጊዜ ወጥ ቤት ውስጥ እናባክነው?» የሚል አለ። ሐኪም ስላጠረን እኮ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በተበከለ ምግብ በየዓመቱ በዓለም 600 ሚሊዮን ሰው ይታመማል፤ 420,000 ሰው ይሞታል። ከሟቾቹ 125,000ዎቹ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ይህ ጎርፍ ወደ ጥቂት ሐኪሞች በር ነው የሚመጣው። ምንጩን የሚያውቅ ሐኪም ጊዜ አያባክንም፤ ጊዜ ይቆጥባል።

«ይህ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ሥራ ነው» የሚልም አለ። ልክ ነው፤ ሥራው የእሷ ነው፤ ሐኪሙ ይውሰድባት አላልኩም። ያልኩት ይወቃት ነው። ሬዲዮሎጂስቱንና ፋርማሲስቱን በስም ያውቃል፤ በሽታውን ከምንጩ የምታቆመውን ሰው ግን አያውቃትም። የምትሰማውም የሚያከብራትም ስለሌለ ነው የካፌው ባለቤት ስልክ የሚያወጣባት። አጠገቧ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ቢኖር፣ የላከውም ኮሌጅ ከጀርባዋ ቢቆም፣ ስልኩ ጉልበት ያጣል።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ተቆጣጣሪዎቹ ራሳቸው ጉቦ ይበላሉ፤ ተማሪው ምን ይማራል?» የሚል ነው። የሚበሉ አሉ፤ አልክድም። ግን በጨለማ ውስጥ የሚሠራ ሥራ ነው ለጉቦ የሚመቸው። በየወሩ አዲስ ተማሪዎች የሚያዩት፣ የሚመዘግቡትና ለመምህራቸው የሚያቀርቡት ሥራ ለጉቦ አይመችም።

*

ስለዚህ ለጤና ሚኒስቴር፣ ለትምህርት ሚኒስቴርና ለሕክምና ኮሌጆች የምለው ይህ ነው።

አንደኛ፣ ልምምዱ የሁለት ሳምንት ፊርማ መሆኑ ይቅር። ከኢንተርንሺፕ በፊት ቢያንስ አንድ ወር ይሁን። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ቤት ይያዝ፤ መጀመሪያ ሲጎበኝ፣ ማስጠንቀቂያ ሲሰጥ፣ ሲስተካከል ወይም ሳይስተካከል ሲቀር እስከ መጨረሻው ይከታተል። ከማርኩም የተወሰነውን ተቆጣጣሪዋ ትስጥ።

ሁለተኛ፣ ትኩሳትና ተቅማጥ ይዞት ለሚመጣ ሁሉ ካርዱ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ «ባለፉት ቀናት የት በላህ?» ሁለት ሦስት ሰው ተመሳሳይ ስም ከጠራ፣ ጤና ጣቢያው በዚያው ቀን ለወረዳው ተቆጣጣሪ ይደውል። ለዚህ ዲጂታል ሥርዓት እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ስልክ ቁጥርና ልማድ ነው።

ሦስተኛ፣ የቁጥጥሩ ውጤት በር ላይ ይለጠፍ። ዴንማርክ ከ2001 ጀምሮ የፈገግታ ምልክት፣ ኒው ዮርክ ከ2010 ጀምሮ ፊደል እየለጠፉ ነው። እኛም በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ማድረግ እንችላለን። ያኔ ሴራሚክ አያታልለንም፤ የእማማም ንጽሕና ዋጋ ያገኛል።

አራተኛ፣ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቅጹ ላይ «እጅ መታጠቢያ የለም» ብሎ መጻፍ ብቻ ፍርድ አይደለም። ባለ ቧንቧ ባልዲ ስንት ነው? አንድ ማስጠንቀቂያ ይዞ የሚመጣ ሰው አንድ ባልዲም ይዞ ቢመጣ፣ ከተማው ከሚያወጣው የመድኃኒት ወጪ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት አዲስ አበባ ሲገባ ሐኪሙም፣ ተቆጣጣሪውም፣ ሬዲዮውም በአንድ ድምፅ «እጃችሁን ታጠቡ» ይሉ ነበር። እንደሚቻል ያኔ አይተናል። ይህ ትብብር ሰው እስኪሞት መጠበቅ የለበትም።

*

ቀኑ ሲያልቅ ወደ እማማ ቤት ተመለስን። ምሳችንን አልበላንም ነበር። ተቆጣጣሪዋ በሥራ ሰዓት ከምትቆጣጠረው ቤት እንደማትበላ ነግራን ወደ ቢሮዋ ሄደች። እኔና ሁለቱ ተማሪዎች ሽሮ አዘዝን። የአክስቴ ልጅ ከመብላቱ በፊት ጆጉን ትቶ፣ እኔ እያፈሰስኩለት እጁን በሳሙና ታጠበ፤ ከዚያ ለእኔ አፈሰሰልኝ።

እማማ ቆመው እያዩን «የሐኪም ተማሪ ናችሁ አሉ» አሉ።

«አዎ፣ እማማ።»

«እኔ ነኝ ሁልጊዜ ወደ እናንተ የምመጣው። ሐኪም ወደ ቤቴ ሲገባ ዛሬ አየሁ። እግዜር ይስጥልኝ» አሉና የሽሮውን ድስት ገልጠው ጨመሩልን።

በሚቀጥለው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ደወለ። ባልዲው ቧንቧ ተገጥሞለታል፤ ካርዳቸውም ታድሷል። ካፌው ግን የሽንት ቤቱን በር አላዞረም። የተሰጠው ጊዜ ገና አላለቀም። ልምምዱ ግን አልቋል፤ ሲያልቅ ማን እንደሚያየው እሱም አያውቅም።

እስከዚያው ከእኛ ከተመጋቢዎቹ የሚጠበቅ ነገር አለ። አጠራጣሪ ነገር ስታዩ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነጻ መስመር 8482 ነው። ቀጣዩን «ታይፎይድ» ስትባሉ ደግሞ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም እናንተው ንገሩት፦ «ምሳዬን የምበላው እዚህ ቤት ነው።»

የሕክምና ተማሪዎች፣ በዚህ ልምምድ ያለፋችሁ ሐኪሞችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች፣ ያያችሁትን ጻፉልኝ። የሚቃወመኝንም አወጣዋለሁ።